አንገቱን የያዘለት ሰው አልነበረም

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው አምስት ተማሪዎች ነን። ሁለታችን የሕክምና፥ ሁለታችን የምሕንድስና፥ አንዳችን የታሪክ ተማሪ ነን። ስማችንን ያልጻፍነው ለመደበቅ ብለን አይደለም፤ የምንናገርለትን የጓደኛችንን ስም ሰውረን የራሳችንን መዘርዘሩ ትክክል ስላልመሰለን ነው። እርሱም ጽሑፉን አስቀድሞ አንብቦታል። አንድ ስፍራ ላይ ስቆብናል፥ ሁለት ስፍራ ላይ ደግሞ አርሞናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር፥ የመንፈቁ ፈተና እንዳለቀ፥ አሥራ ሁለት ሁነን ሚኒባስ ተከራየንና ወደ ላንጋኖ ወረድን። ላንጋኖን ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው ውኃው ቡናማ ነው፤ ወተት የነካው ሻይ ይመስላል። እጅን እስከ ክርን ቢያጠልቁት ጣት አይታይም። ጓደኛችን ከሁላችን የበለጠ ዋናተኛ ነበር። ጧት ከዳር ራቅ ብሎ ዋኝቶ ውኃው ጥልቅ መሆኑን ነግሮናል። ከሰዓት በኋላ ግን ከሌላ ስፍራ፥ ወደ ውኃው ከገባ የእንጨት መረማመጃ ጫፍ ላይ ቆመና በአናቱ ተወረወረ። እዚያ ስፍራ ላይ ውኃው ከወገብ አያልፍም።

ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ተንሳፈፈ። ትንፋሹን ይዞ የሚያስቀን መሰለንና ሳቅን። ምን ያህል ጊዜ እንደ ሳቅን እስከ ዛሬ እንከራከራለን። አንዱ አሥር ሴኮንድ ነው ይላል፤ ሌላው ከዚያ ይበልጣል ይላል።

እንግዲህ ስሕተታችንን ሳንሸፋፍን እንናገር። ሁለት ሁነን በብብቱ ይዘን ከውኃው ጎትተን አወጣነው። አሸዋው ላይ አስቀመጥነው፤ መቀመጥ ሲያቅተው ደገፍነው። ራሱ ወደ ደረቱ ወደቀ። አንዳችን አገጩን ይዘን ቀና አደረግነው፤ ሌላችን ውኃ የጠጣ መስሎን ጀርባውን መታ መታ አደረግንለት። «እግሬን የያዘው ማን ነው?» አለን። እግሩን የያዘው ሰው አልነበረም። ከዚያም አንሥተን በሚኒባሱ ወንበር ላይ በሁለት ሰው መካከል አስቀመጥነውና በኮረኮንቹ መንገድ ከነፍን። መኪናው በዘለለ ቁጥር ራሱም አብሮ ይዘል ነበር።

ከእኛ መካከል የሕክምናዎቹ ተማሪዎች የአንገትን አጥንቶች በየስማቸው ያውቁ ነበር። ከአንድ ወር በፊት ተፈትነውበት ጥሩ ውጤት አግኝተውበታል። የትኛው የደም ሥር በየትኛው ቀዳዳ እንደሚያልፍ ሥዕል ሥለው አስረድተዋል። ያን ቀን ግን ከሁለቱ አንዱ እግሩን፥ ሌላው ብብቱን ያዘ። አንገቱን የያዘለት ሰው አልነበረም።

ማወቅ የሚገባን ነገር ለማንም የማይከብድ ነበር። ከከፍታ የወደቀ፥ መኪና የገጨው ወይም የተገለበጠበት፥ በአናቱ ወደ ውኃ የዘለለ ሰው፥ አለመሰበሩ እስኪረጋገጥ ድረስ አንገቱ እንደ ተሰበረ ይቆጠራል። ውኃ ውስጥ ከሆነ ራሱንና ደረቱን እንደ አንድ ግንድ አድርጎ ይዞ እዚያው በጀርባው መገልበጥና መተንፈሱን ማየት ነው። ትንፋሽ ከሌለው ከሁሉ አስቀድሞ ትንፋሹ ነው። ካለው ግን አንድ ሰው ከራስጌው ሁኖ ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል፤ ሥራው ይኸው ብቻ ነው፥ እስከ ሐኪም ቤት ድረስ አይለቅም። ሌሎቹ ሦስት ወይም አራት ሁነው በዚያው ሰው ቃል እኩል ያነሡታል። ቃሬዛ ከሌለ የበር ሳንቃም ይሆናል። እኛ በነበርንበት ስፍራ ረጃጅም የእንጨት ጠረጴዛዎች ሞልተው ነበር፤ ምሳችንን የበላነው በእነርሱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሐኪም ቤት በአንገቱ ላይ ኮላር የሚባለውን ማቀፊያ አደረገለት። ሲጋደም ራሱን በሁለት እጇ የያዘችው አንዲት ነርስ ነበረች። ዕድሜዋ ከእኛ አይበልጥም። እንዴት ይዛችሁ መጣችሁ ብላ ጠየቀችን፤ ነገርናት፤ ምንም አልመለሰችም። ሌሊቱን በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ተላከ።

አንገታችን 7 አንጓዎች አሉት። በአንጓዎቹ ቀዳዳ ውስጥ በውፍረቱ ትንሽ ጣትን የሚያህል ሕብለ ሰረሰር ይወርዳል። የሰው እንቅስቃሴ ትእዛዝና የመዳሰስ ስሜት ሁሉ፥ ከፊትና ከራስ በቀር፥ በዚያች ገመድ ያልፋል። የመተንፈሻውን ዋና ጡንቻ የሚያዝዙት ነርቮች ከ3ኛው፥ ከ4ኛውና ከ5ኛው ደረጃ ይወጣሉ፤ ስለዚህ ሕብሉ ከዚያ በላይ ፈጽሞ የተቆረጠ ሰው ያለ መሣሪያ መተንፈስ አይችልም። 5ኛው ደረጃ የተረፈለት ሰው ትከሻውን ያነሣል፥ ክርኑን ያጥፋል። 6ኛው ከተረፈ መዳፉን ወደ ኋላ ቀና ያደርጋል። 7ኛው ከተረፈ ክርኑን ይዘረጋል፤ 8ኛው ከተረፈ ጣቱን ይጨብጣል። በአንዱና በሌላው ደረጃ መካከል ያለው ርቀት ከ2 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ሰው በራሱ እጅ መጉረሱና በሰው እጅ መጉረሱ የሚለየው በዚያች ርቀት ነው።

ሲቲ ስካኑ ሲታይ የጓደኛችን 5ኛ አንጓ እንደ ወደቀ ምጣድ ተሰባብሯል። ከስባሪዎቹ አንዱ ወደ ኋላ ተገፍቶ ሕብለ ሰረሰሩን ተጭኖታል። ትከሻውንና ክርኑን ያንቀሳቅሳል፤ ከዚያ በታች የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ተረኛው ሐኪም ተረከዙን በጥጥ ሲነካው «ነክተውኛል» አለ። ሐኪሙ ደግሞ ጠየቀው፥ አሁንም መለሰ። ያ መልስ ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው የገባን በኋላ ነው። ስሜት ካለ ገመዱ ፈጽሞ አልተቆረጠም ማለት ነው።

የነርቭ ቀዶ ሐኪሙን በኮሪደር አግኝተን «ዶክተር፥ ኦፕራሲዮን ከተደረገ ይድናል?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጆች፥ ልብ ብላችሁ ስሙኝ» አሉን። «ሕብለ ሰረሰሩን አንጠግነውም። እርሱን የሚጠግን ሐኪም በዓለም ላይ ገና አልተገኘም። የተጫነውን አጥንት እናነሣለታለን፤ አንገቱን እናጸናለታለን። ከዚያ በኋላ የሚመለሰው ይመለሳል።» እኛ ግን እስከዚያ ሰዓት ድረስ ኦፕራሲዮን ሲባል የተቆረጠውን መቀጠል ይመስለን ነበር። የሕክምናዎቹ ተማሪዎችም ጭምር።

ጉዳቱ ሁለት ጊዜ እንደሚደርስ ያስረዱን እርሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው አናቱ ከአሸዋው ጋር በተጋጨበት ቅጽበት የደረሰው ነው፤ እርሱን የሚመልሰው የለም። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ የሚመጣው ነው፤ ሕብሉ ያብጣል፥ በጠባቡ ቀዳዳ ውስጥ ይታፈናል፥ ደሙ ይቀንሳል፥ ደኅና የነበሩት ክሮችም ይሞታሉ። የተሰበረው አንገት ቢንቀሳቀስ፥ የደም ግፊቱ ቢወርድ፥ ትንፋሹ ቢያጥር ይህ ሁለተኛው ይብሳል። የአንገት ሕብለ ሰረሰር ሲጎዳ ደግሞ ግፊቱ በራሱ ይወርዳል፤ የልብ ምትም እንደ ሌላው የተጎዳ ሰው በመፍጠን ፈንታ ይዘገያል። ሐኪሞች የሚዋጉት ከዚህ ከሁለተኛው ጋር ነው፤ ኦፕራሲዮኑም የዚሁ ውጊያ አንዱ ክፍል ነው።

ስለዚህ ሰዓት ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ፥ በሰሜን አሜሪካ ሐኪም ቤቶች በተደረገ ጥናት፥ የአንገት ሕብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ 313 ሰዎች ተመዝግበው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ መከታተል ከተቻሉት መካከል፥ በ24 ሰዓት ውስጥ ኦፕራሲዮን ከተደረገላቸው 19.8 በመቶዎቹ በጉዳት መለኪያው ቢያንስ ሁለት ደረጃ ተሻሽለዋል፤ ዘግይቶ ከተደረገላቸው ግን 8.8 በመቶዎቹ ብቻ። ቁጥሩን እናስተውለው። ከቶ ተአምር አይደለም፤ በቶሎ ከተደረገላቸው ውስጥ እንኳ አብዛኞቹ ያን ያህል አልተሻሻሉም። ነገር ግን ልዩነቱ ለአንድ ሰው እጅ ነው፥ ለሌላው እግር ነው።

ጓደኛችን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል የገባው በ6ኛው ቀን ነው። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ኤም አር አይ ለማስነሣት ወደ ሌላ ቤት መሄድ ነበረበት። የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ አልተለቀቀም ነበር። በአንገቱ ውስጥ የሚገባውን ብረት ገዝቶ ማቅረብ የቤተ ሰቡ ፋንታ ስለ ሆነ እናቱ ከክፍለ ሀገር እስኪመጡ፥ እኛም ከመኝታ ክፍል ወደ መኝታ ክፍል እየዞርን መዋጮ እስክንሰበስብ ቀኑ ሄደ። በጎኑ ካሉት አልጋዎች በአንዱ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የወደቀ የግንባታ ሠራተኛ ተኝቶ ነበር፤ የሚዞርለት መዋጮ ሰብሳቢ አልነበረውም። ይህን ያየነው በየቀኑ ነው፤ ምን እንደምናደርግ ግን አላወቅንም።

በ4ኛው ቀን ክርክር ተነሣ። አክስቱ ስመ ጥር ወጌሻ አስመጥተው በር ላይ አስቀመጡ። «ልጆቼ፥ ስንቱን ሰው አቁመው ያስኬዱ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ይዩት ብቻ» እያሉ ለመኑን። ከእኛ አንዱ በልጅነቱ የወለቀ ክንዱን ወጌሻ መልሶለታልና ፈጥኖ «አይሆንም» ለማለት አልደፈረም። ወጌሻውን ግን ራሳቸውን ጠየቅናቸው። ቀና ሰው ናቸው። «አንገት ነው? ሰውነቱ አይሰማም? እንግዲያስ እኔ አልነካውም። እጅና እግር ነው የእኔ ሥራ» ብለው የመሳፈሪያ ብቻ ተቀብለው ተመለሱ። ስለ ወጌሻ በሚነሣው ክርክር ሁሉ ይህን ሰው እናስታውሳለን። በዚያው ሳምንት አሜሪካ የሚኖር የአጎቱ ልጅ ስልክ ደውሎ «ያን የስቴሮይድ መርፌ ለምን አትሰጡትም?» እያለ ተቆጣ። መርፌው እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት ምክንያት ብዙ ተስፋ የተጣለበት ነበር፤ የአሜሪካ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ ያመዝናል ብለው እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳይሰጥ መክረዋል።

በጥበቃው ሌሊቶች የታሪክ ተማሪው መጻሕፍት ሲያገላብጥ ያገኘውን ያወራልን ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ዓመት ግድም የተጻፈው፥ በኤድዊን ስሚዝ ስም የሚጠራው የግብጻውያን የሕክምና ጥቅል፥ አንገቱ ወልቆ እጁንና እግሩን የማያውቅ ሰው ምልክቱን አንድ በአንድ ዘርዝሮ፥ ሐኪሙ ይህን እንደማያክም ይደመድማል። ከዚያ እስከ ትናንትና ድረስ መደምደሚያው ብዙም አልተለወጠም። ሃድራ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1891 በቴክሳስ የአንገት አንጓዎችን በብር ሽቦ አሰረ። ክራችፊልድ እ.ኤ.አ. በ1933 የራስ ቅልን በሁለት ጎን የሚቆነጥጥ ብረት አበጀ፤ ሕመምተኛው ተጋድሞ በክብደት ይጎተትና አንጓው ወደ ቦታው ይመለሳል። በእንግሊዝ አገር ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 ስቶክ ማንደቪል ላይ ክፍሉን ከፈተ። ብዙ ሕመምተኞችን ይገድል የነበረው የአልጋ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን መሆኑን አውቆ፥ በማገላበጥና በንጽሕና ሰዎችን አኖረ። ጉትማን ግን ችኩል ኦፕራሲዮንን አጥብቆ ይቃወም ነበር። ያን ጊዜ እውነት ነበረው፤ ከኋላ በኩል አጥንቱን እየከፈቱ ያለ ድጋፍ መተው ብዙውን ሰው አብሶት ነበርና። ነገሩ የተለወጠው ስሚዝና ሮቢንሰን፥ ክላወርድም፥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከፊት በኩል የሚገቡበትን መንገድ ካሳዩ፥ ኋላም ላሜራና ብሎኑ ከመጣ በኋላ ነው። በአገራችን ደግሞ የነርቭ ቀዶ ሕክምናን እዚሁ ማስተማር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው። ከዚያ በፊት እንደ ጓደኛችን ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ተጋድሞ ቀኑን ይጠብቅ ነበር።

ከሕክምናዎቹ አንዱ ኦፕራሲዮኑን ከግድግዳ ሥር ቆሞ እንዲያይ ተፈቀደለት፤ የሚከተለው የእርሱ ቃል ነው። ሰመመን ሰጪው የመተንፈሻውን ቱቦ ሲያስገባ ሌላ ሰው ራሱን እንደ ድንጋይ አጽንቶ ይዞ ነበር። ሐኪሙ ከጉሮሮው ጎን በኩል የጣት ርዝመት ያህል ቆረጡ። ከዚያ በኋላ ብዙ መቁረጥ የለም። አየር ቧንቧውንና የምግብ ቧንቧውን ወደ አንድ ጎን፥ ትልቁን የደም ሥር ወደ ሌላው ጎን ገለል አድርገው በመካከላቸው በጣት ወደ አከርካሪው ወረዱ። ትክክለኛው አንጓ መሆኑን በራጅ አረጋገጡ። የተሰባበረውን 5ኛ አንጓ ከላይና ከታች ካሉት ዲስኮች ጋር በጥቂት በጥቂቱ አወጡ። ሕብለ ሰረሰሩን የተጫነችውን ስባሪ ሲያነሡ በክፍሉ ውስጥ ወሬ ሁሉ ቆመ። የአውራ ጣት ጥፍር አታክልም ነበር። ከዳሌው አጥንት ለክተው ቆርጠው ባዶው ቦታ ላይ ተከሉ፤ ከዚያ የቲታንየሙን ላሜራ ከ4ኛው እስከ 6ኛው አጋድመው በአራት ብሎን አጠበቁት። የምሕንድስናዎቹ ይህን ሲሰሙ ብሎኑ እንዳይላላ ምን እንደሚይዘው መጠየቅ ጀመሩ፤ የሚያስደስታቸው ነገር በማግኘታቸው አፍረው ዝም አሉ። ላሜራው ለጊዜው ነው፤ ዘላቂው አጥንቱ በወራት ውስጥ እርስ በርሱ ሲጋጠም ነው። ስብራቱ ከኋላ በኩልም ከሆነ ወይም መገጣጠሚያዎቹ ተቆላልፈው ከሆነ ከኋላ ገብቶ በብሎንና በዘንግ ማሰር ያስፈልጋል፤ ለእርሱ አላስፈለገም።

ሲነቃ ድምፁ ሻክሮ ነበር፤ መዋጥም ያመው ነበር፤ ሁለቱም በሳምንታት ለቀቁት። እጁና እግሩ ግን እንደ ነበሩ ናቸው። እናቱ «ታዲያ ምን ተሠራ?» ብለው ጠየቁን። በእውነት ከባድ ጥያቄ ነው። የተሠራው በማግሥቱ ታየ። አልጋው ቀና ተደርጎ ተቀመጠ፤ ሳንባውን አጸዳ። ያለ ኦፕራሲዮኑ ግን ለሳምንታት ጣራውን ብቻ እያየ መጋደም ነበረበት።

ከዚያ በኋላ ያለው የሐኪም ሥራ ሳይሆን የሰው እጅ ሥራ ነው። በየ2 ሰዓቱ፥ ሌሊቱንም ጨምሮ፥ ማገላበጥ አለ። ተራ ገባን። ከእኛ አንዱ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ወሰደውና አንድ ተራ አመለጠው፤ ጧት በጅራት አጥንቱ ላይ ቆዳው ቀልቶ ተገኘ። ቁስል ሳይሆን ዳነ፥ ነገር ግን ያ ልጅ ለአንድ ሳምንት ምግብ አልበላም። በሁለተኛው ወር አንድ ማታ ራሱን ክፉኛ አመመው፥ ፊቱ ቀላ፥ ግንባሩ በላብ ተጠመቀ፤ የደም ግፊቱ ሲለካ እጅግ ወጥቷል። ነርሷ መድኃኒት ከመፈለጓ በፊት ብርድ ልብሱን ገለጠች፤ የሽንቱ ቱቦ ታጥፎ ፊኛው ሞልቷል። ቀና አደረገችው፥ በደቂቃዎች ውስጥ ግፊቱ ወረደ። ሰውነቱ የማይሰማውን ሕመም በዚህ መንገድ ይናገራል። እንደዚህ ያለ ሰው የሚያስታምም ሁሉ ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል፤ ሳይታወቅ ቢቀር በአንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስስ ይችላልና።

በ7ኛው ሳምንት ቀኝ መዳፉን ወደ ኋላ ቀና አደረገ። በአምስተኛው ወር ክርኑን ዘረጋ። ጣቶቹ ግን አሁንም አይጨብጡም፤ ማንኪያው በመዳፉ ላይ በጠፍር ይታሰርና ይበላል። እግሮቹ በሰው ድጋፍ ለጥቂት ጊዜ ይቆማሉ፥ አይራመዱም። በ2016 ዓ.ም. ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። አንዳንድ ትምህርቱ በሦስተኛው ፎቅ ስለ ሆነ ከነወንበሩ አራት ሁነን እናወጣዋለን።

ያን ቀን በብብቱ ጎትተን ባናወጣው፥ ራሱን ቀና ባናደርገው ኖሮ ይሻለው ነበርን? ሐኪሙን ጠየቅናቸው። «ይህን ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ጉዳቱ ከአሸዋው ሊሆን ይችላል፤ ከመንገዱም ሊሆን ይችላል» አሉን። ለማጽናናት ብለው «ከአሸዋው ነው» አላሉንም፤ ስለዚህ እናከብራቸዋለን።

በማኅበራችን ፈቃድ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በስፖርት ሜዳው ሰው የማንሣት ልምምድ እናደርጋለን። የተነቀለ የበር ሳንቃ አግኝተናል። እስካሁን የመጣው ሁሉ እግር መያዝ ይመርጣል፤ የሚጎድለን ራስ የሚይዝ ነው።

ጓደኛችን የሳቀው «ከሁላችን የበለጠ ዋናተኛ ነበር» ባልነው ላይ ነው። ካረማቸው አንዱ የውኃው ጥልቀት ነው፤ ወገብ ሳይሆን ከጉልበት ትንሽ ከፍ ይላል ብሏል። ሁለተኛው ስለ ሳቁ ነው። ፊቱ ውኃው ውስጥ ሁኖ ሳቃችንን ይሰማ እንደ ነበረ እስከዚያ ቀን አልነገረንም። «አሥር ሴኮንድ አይሞላም፤ እኔ ትንፋሼን ይዤ እቆጥር ነበር» አለን።